ሳይመለሱ የቀሩት 513

ሰኞ፣ በወሩ 4

ይህን ደብተር የሚያነብ ሰው ቢኖር አስቀድሞ አንድ ነገር ይረዳልኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ በመድረኩ ላይ አንድም ሰው ሰድቤ አላውቅም፤ በአንድም ሰው ላይ አሹፌ አላውቅም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። ቢሆንም የሚያስመካ ነው።

መድረኩ በኢንተርኔት ያለ የውይይት ቦታ ነው። ልጆች ሒሳብ እንዴት እንደሚማሩ የሚያጠኑ ሰዎች ይጽፉበታል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ተመራማሪዎች፣ የታችኛው ክፍል አስተማሪዎች። 431 አባላት አሉት። እኔ አጣሪው ነኝ። ማንኛውም ጽሑፍ ለአባላት ከመታየቱ በፊት በእኔ በኩል ያልፋል። ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ። ደህና ከሆነ አሳልፈዋለሁ። ጉድለት ካለው ጉድለቱን በቁጥር ዘርዝሬ፣ ከሥሩ «ተስተካክሎ ይመለስ» ብዬ ለጸሐፊው እልክለታለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት በክፍል ውስጥ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ጡረታ የወጣሁት ከደመወዙ ነው እንጂ ከሥራው አይደለም።

ደብተሩን የጀመርኩበት ምክንያት ይህ ነው። የመድረኩ ሰብሳቢ ዛሬ ደወለችልኝ። የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ አሁን ራሷ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። በሚቀጥለው ወር በሦስተኛው ቀን ስብሰባ አለ። ማጣራቱ ይቅር፣ መድረኩ ሰው ያስፈራል የሚሉ አባላት ተነሥተዋል አለች። እስከዚያ አንድ ዘገባ እንዳዘጋጅ ጠየቀችኝ። ደስ እያለኝ አልኳት። ወሬን የሚያሸንፈው ቁጥር ነው።

ረቡዕ 6

በሁለት ሳምንት የገቡትን ዐሥራ ሁለት ጽሑፎች ዛሬ አጣራሁ። አምስት አሳለፍኩ፣ ሰባት መለስኩ። ከሰባቱ አራቱ ምንጭ የላቸውም። አንዱ «ወገኖቼ፣ ግራ ገባኝ» ብሎ ይጀምራል። ግራ የገባው ሰው መጀመሪያ አስቦ ይምጣ።

ባለቤቴ በበሩ በኩል ስታልፍ «ዛሬስ ስንቱን ጣልካቸው መምህሬ?» አለችኝ። ማንንም አልጣልኩም፣ መለስኩ እንጂ አልኳት። «እሺ፣ ስንቱን መለስካቸው?» ሰባት። «አይ፣ ደግ ቀን ነው» ብላ ሄደች።

ቅዳሜ 9

የዘገባውን መነሻ ላባዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ወረፋው ላይ ሁለት ወጣት አስተማሪዎች ከፊቴ ቆመዋል። ስለ መድረኩ ነው የሚያወሩት። አላወቁኝም፤ ፊቴ እዚያ ላይ የለም። አንደኛዋ የክፍሏን ነገር ጽፋ ልትልክ እንዳሰበች ነገረቻት። ሌላዋ ሳቀች። «ለጋሽ ይስተካከል? ተይኝ እስቲ። ለሱ ከምልክ ፈተና ብቀመጥ ይቀለኛል።»

እንዲህ የሚል ስም እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ጋሽ ይስተካከል። ሳስበው ክፉ ስም አይደለም። ከፈተና የሚከብድ ማጣሪያ ያለው መድረክ ስንት አለ? ቀጥ ብዬ፣ አንገቴን ሳልደፋ ወደ ቤት መጣሁ።

የሚባዛውን ወረቀት እዚያው ረስቼ መምጣቴን ያወቅሁት ቤት ስደርስ ነው።

እሑድ 10

ልጄ ደወለች። ከተማ ቀይራ ከሄደች አራት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ጤናዬን ጠየቀች፣ የእናቷን ጤና ጠየቀች፣ ስልኩን ለእናቷ ሰጠኋት፤ አንድ ሰዓት አወሩ። ዱሮ ረጃጅም መልእክት ትጽፍልኝ ነበር። አሁን አትጽፍም፤ ትደውላለች። የተሻለ ነው። ድምፅ ይሰማል።

ማክሰኞ 12

ትልቅ ቀን። አንድ የታወቁ ፕሮፌሰር የአዲስ ጥናታቸውን ማጠቃለያ ላኩ። ትንንሽ ልጆች በቃል በትክክል የሚቀንሱትን ቁጥር እርሳስ ሲይዙ ይሳሳቱታል ይላል ጥናቱ። ከዚያም ለምን እንደሆነ ይመረምራል። ምንጮቹ በሙሉ በቦታቸው፤ ሠንጠረዡ ባለ ርእስ፤ አንድ ቃል አይበዛበትም፣ አንድ አይጎድልበትም። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሳለፍኩት። ከሥሩም ይህን ጻፍኩ፦ «በመድረካችን ታሪክ ይህን ጉዳይ ያነሣ የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። ለሁላችንም አርአያ ይሁነን።»

ፕሮፌሰሩ አመሰገኑኝ። «የእርስዎ ጥንቃቄ ባይኖር እዚህ ባልጻፍኩ» አሉ። ለባለቤቴ አነበብኩላት። እንደገና አነበብኩላት። «ሰማሁ እኮ» አለች።

ሐሙስ 14

የዘገባውን ቆጠራ ጀመርኩ። ትልቅ ባለ መስመር ወረቀት ገዝቼ የ431ዱን አባላት ስም እንደ ክፍል ስም መጥሪያ በተርታ ጻፍኩ። ከጎናቸው ለየወሩ አንድ ሳጥን። በወሩ የጻፈ ሰው ነጥብ ይደረግለታል፤ ያልጻፈ ባዶ። የምግብ ጠረጴዛውን ሙሉ ያዘው። ባለቤቴ ሳህኗን ይዛ ጥግ ላይ ቁጭ አለች።

ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የጻፉ፦ 38።

38 ከ431። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ይህ የአባላቱ ስንፍና ነው። በዘገባው ላይ በለሰለሰ ቃል ይገባል።

ሰኞ 18

ሰብሳቢዋ መጣች። የረሳሁትን ወረቀት ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ይዛልኝ መጥታለች፤ ወረቀት ልታባዛ ስትገባ ባለሱቁ ስሜን አንብቦ ታውቂዋለሽ ወይ ብሎ ጠይቋት ኖሯል። ስም መጥሪያውን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ባዶዎቹን ሳጥኖች በጣቷ እየተከተለች «የተመለሱባቸው ሰዎችስ? አስተካክለው መጡ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላውቅም አልኳት። የተመለሰ ደብተር የተማሪው ጉዳይ ነው። ቅር ያለው ቢኖር ደግሞ ይናገር ነበር፤ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም አልኩ።

«ጮኸው ነበር እኮ መምህር» አለች። «ጩኸቱ የመጣው ግን እርስዎ ጋ ነው።»

ቃሏ ከነከነኝ። አንቺም እኮ በዚሁ መንገድ ነው እዚህ የደረስሽው አልኳት። እውነቴን ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለች አንድ የጂኦሜትሪ ማረጋገጫ አራት ጊዜ መልሼባት አምስተኛው ላይ እንከን አልነበረውም። እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ። በእሷም እኮራለሁ።

ወረቀቱን ማየት ሳትተው እንዲህ አለችኝ፦ «አራተኛው ላይ ያልጠፋሁት እኮ መሄጃ ስላልነበረኝ ነው። ደብተሬን ሲመልሱልኝ በነጋታው እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ። የግድ አገኝዎት ነበር። እነዚህን ግን ወንበር ላይ የሚያስቀምጣቸው የለም።»

ጎረምሳ እንኳ እንዲህ አድርጎ መልሶልኝ አያውቅም። ስትሄድ ከበሩ ሸኘኋት።

ማክሰኞ 19

ዝናብ። ሦስት ገባ፤ ሁለት መለስኩ። አንዱን ከመመለሴ በፊት ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ መለስኩት። ምንጭ የለውማ።

ዓርብ 22

የተመለሱት ጽሑፎች ሁሉ በአንድ ቦታ ተቀምጠዋል። ከፍቼው አላውቅም ነበር። ለምን እከፍተዋለሁ? ዛሬ ከፈትኩት።

በስድስት ዓመት የመለስኳቸው 644 ናቸው። ተስተካክለው ተመልሰው የመጡት 131። ሳይመለሱ የቀሩት 513።

በሥራቸው ከፋፈልኳቸው። ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከመለስኩት 150 ውስጥ 118 ተመልሶ መጥቷል። ለታችኛው ክፍል አስተማሪዎች ከመለስኩት 494 ውስጥ የመጣው 13 ነው።

ዐሥራ ሦስት። ስህተት ነው ብዬ በሌላ ወረቀት ላይ ከታች ወደ ላይ ቆጠርኩ። ዐሥራ ሦስት።

እንግዲህ አንድ ሰው የዩኒቨርሲቲዎቹ ይበልጥ ትጉ ናቸው ሊል ይችላል። ከሳምንት በፊት ቢሆን እኔም እል ነበር። ግን ሥራዬ ቁጥር ነውና ቁጥሩን ከራሴ አልሸሽገውም። ለዩኒቨርሲቲ ሰው ጽሑፍ መመለስ የዘወትር ነገር ነው፤ ከየመጽሔቱ ሲመለስበት ኖሯል፤ «ተስተካክሎ ይመለስ» ሲባል «ና» መባሉን ያውቃል። የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ ግን ያው ቃል ሲደርሳት «ሂጂ» መባሏ ይመስላታል። እኔ ሁለቱንም በእኩል ዓይን ነው ያየሁት። በእኩል ዓይን ማየቴ ነው ያስመካኝ የነበረው።

ትከሻዬን አመመኝ። ይበቃል።

ሰኞ 25

ዛሬ ያገኘሁትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ከተመለሱት መካከል ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የአንደኛ እና የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ የላከችው አለ። እንደ ነበረ ገልብጬዋለሁ፦

«ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። አንዷን ተማሪዬን 52 ከረሜላ ኖሮሽ 38ቱን ለጓደኛሽ ብትሰጪያት ስንት ይቀርሻል አልኳት። ዓይኗን ጨፈነችና 14 አለች። ይህንኑ ሰሌዳው ላይ ሥሪው ስላት 26 ጻፈች። የቱ ነው ልክ ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ከረሜላ ሲሆን 14 ነው፣ ሲጻፍ ግን 26 ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት የልጆቹን ወረቀት እያጠራቀምኩ ነው። ከአርባው ልጅ ሠላሳው እንደ እሷ ነው። በአፋቸው የሚያውቁትን እርሳሱ ለምን ያስረሳቸዋል? እናንተ ጋ እንዲህ ይታያል? እኔ እንጃ፣ ልጆቹ ሳይሆኑ እኛ የተሳሳትን እየመሰለኝ መጥቷል።»

የእኔ መልስ፦ 1. ምንጭ የለውም። 2. «እንቅልፍ ነስቶኛል» ለጥናት የሚሆን ቃል አይደለም። 3. ከረሜላው አያስፈልግም። 4. መደምደሚያው ከማስረጃው ይቀድማል። ተስተካክሎ ይመለስ።

በአራተኛው ቀን መልሳ ላከችው። እንቅልፉ ወጥቷል፤ ከረሜላው ወጥቷል፤ ልጅቷ ግን አለች። ልጅቷን በሚመለከት «አንድ ተማሪ ለመደምደሚያ አይበቃም» ብዬ መለስኩ። ሦስተኛው ሲመጣ ልጅቷ የለችም። የሠላሳዎቹን ልጆች ስሌት እንዴት እንደሰበሰበች ትግለጽ ብዬ መለስኩ። አራተኛው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦

«የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥሮችን ሲቀንሱ በቃልና በጽሑፍ የሚሰጡት ውጤት ይለያያል።»

ከሥሩ የጻፍኩት በገዛ ቃሌ ይህ ነው፦ «አሁን ንጹሕ ሆኗል። ነገር ግን ጥያቄው ምንድን ነው?»

የእሷ መልስ፦ «ጥያቄው መጀመሪያው ላይ ነበር መምህር። አመሰግናለሁ።»

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ስሟን ስም መጥሪያዬ ላይ ፈለግሁ። የለችም። አባልነቷን ትታዋለች።

ፕሮፌሰሩ ከእሷ አልወሰዱም። ከየት ይወስዳሉ? ጽሑፉን ከእኔ በቀር ያየው የለም። ያየሁትም እኔ ነኝ፣ የረሳሁትም እኔ ነኝ፣ ባለፈው ማክሰኞ ሳምንት «የመጀመሪያው» ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ሐሙስ 28

ሦስት ቀን ምንም አላጣራሁም። ሦስት ጽሑፍ ተጠራቅሟል። ባለቤቴ አመመህ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት፤ ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት።

እሷ ዕድሜዋን ሙሉ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ልብስ እያጠፈች ጨርሳ ሰማችኝ። የመጨረሻውን ሸሚዝ አስቀምጣ «ሲወለድ ያላለቀሰ ሕፃን ነው እኛን የሚያስበረግገን» አለች። «አንተ ግን ክፍሉ ጸጥ ሲል ደህና የሆነ ይመስልሃል።»

ምሳሌው በከፊል ብቻ ነው የሚስማማው፤ ሕፃንና ጽሑፍ አንድ አይደሉም። ይህንን ነገርኳት። «ይኸው» አለች። «አሁን ደግሞ እኔን መለስከኝ።» ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ሩቅ አልሄደም።

ቅዳሜ 30

ዘገባውን ስጽፍ ዋልኩ። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው መድረኩ ስድስት ዓመት ያለ አንድ ስድብ መምራቱን ያሳያል፤ እውነት ነው። ሁለተኛው 513ቱን ያሳያል፤ እሱም እውነት ነው። ሁለተኛውን ካቀረብኩ በገዛ እጄ ከሥራዬ መነሣቴ ነው። ሌላ ሥራ ደግሞ የለኝም። ጠዋት ስነሣ የሚጠብቀኝ እሱ ነው።

የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ስፈልግ ድንገት የልጄን የድሮ መልእክቶች አገኘሁ። የመጨረሻው ረጅም መልእክት የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አዲሱ ሥራዋ ሳይስማማት ቀርቶ ትታው ልትመጣ እንዳሰበች ትጽፋለች። ሁለት ገጽ ይሆናል። ከሥሩ የእኔ መልስ አለ። በቁጥር የተዘረዘሩ አራት ነጥቦች አሉት። ሁለቱ የሐሳብ ቅደም ተከተልን የሚመለከቱ ናቸው።

ቁጥሩን አግኝቼ ስልኩን ዘጋሁት።

እሑድ 1

ልጄ ዛሬ አልደወለችም። እኔ ደወልኩ። ሥራ እንዴት ነው አልኳት፤ ደህና ነው አለች። ያን ጊዜ፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ እንዴት ተወጣሽው ብዬ ጠየቅኋት። «አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም አልኳት። ብዙ አወራችኝ። አላቋረጥኳትም። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ከበደኝ።

ማክሰኞ 3

ስብሰባው ተደረገ። በኮምፒውተር መስታወት ላይ ስልሳ ሰባት ሰው ተሰብስቧል። ከነጭ ሸሚዜ በላይ ኮቴን ደረብኩ። ባለቤቴ ሬዲዮውን ዘግታ ከኋላዬ፣ ከማይታይበት ጥግ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ሁለተኛውን ዘገባ አነበብኩ። ሁሉንም ቁጥር። ከዚያ የአስተማሪዋን ጽሑፍ፣ የመጀመሪያውን፣ ከእነ ከረሜላው አነበብኩት። «ከረሜላ ሲሆን 14 ነው፣ ሲጻፍ ግን 26 ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ብዙዎቹ ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ ነበር፣ ልጅቷን እንደሚያውቋት ዓይነት። ይህ ሳቅ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ጋ ታስሮ ቆይቷል። ቀጥዬ «የመጀመሪያው» ብዬ ለፕሮፌሰሩ የጻፍኩት ስህተት ነው፣ እዚህ አርሜዋለሁ አልኩ።

ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ቅር አላቸው። የአስተማሪ ማስታወሻ ለጥናት ምንጭ አይሆንም አሉ።

«እኔም ይህንኑ ብያት ነበር» አልኳቸው። «ቃል በቃል። የእኔን ስህተት እርስዎ ባይደግሙት ደስ ይለኛል።»

ከኋላዬ የባለቤቴ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። የሰበሰበችው የልጆች ወረቀት አሁንም አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አላውቅም አልኩ። ጥናቱ ለማተሚያ የሚገባው በዚህ ወር በ24 እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ በፊት ከተገኘችና ከፈቀደች ጉዳዩን ቀድማ ያየችው እሷ መሆኗን በጥናቱ መግቢያ ላይ በስሟ እንደሚጽፉ፣ ካልተገኘች ግን ያላስፈቀዱትን ሰው ስም ማንሣት እንደማይችሉ ነገሩን። ትክክል ናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው።

ማጣራቱ እንዲቀር እኔው ሐሳብ አቀረብኩ። ጽሑፍ ሁሉ መጀመሪያ ይታያል፤ ከዚያ ይወያዩበታል። በድምፅ አለፈ። ሰብሳቢዋ እኔ በመድረኩ እንድቆይ ጠየቀች። አዲስ ለሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ብቻ፣ የምጠይቅ ሆኜ። ተቀበልኩ።

መስታወቱ ሲጠፋ ባለቤቴ «ተባረርክ ወይስ ተሾምክ?» አለችኝ። «ዝቅ ተደርጌ ተሾምኩ» አልኳት። ኮቴን ተቀብላኝ ትከሻው ላይ ያለውን ክር ለቀመችልኝ። ከሠርጋችን ቀን ወዲህ እንዲህ ስታየኝ አላስታውስም።

ብዙ ነገር ሠርቻለሁ። ሁለት ሺህ ያህል ልጆች አስተምሬያለሁ። እንደ ዛሬው የኮራሁበት ቀን ግን ጥቂት ነው።

ዓርብ 6

አስተማሪዋን ፍለጋ። በመድረኩ ላይ የተወችው አድራሻ አይሠራም። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስም ግን ተመዝግቧል። ደወልኩ። አይነሣም። ደወልኩ። ተያዘ። በሦስተኛው ርእሰ መምህሩ አነሡት።

ከአንድ ዓመት በፊት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራለች አሉ። ስትሄድ ልብሷን በአንድ ሻንጣ፣ የልጆቹን ወረቀት ደግሞ በሁለት ካርቶን ጭና ነው የሄደችው። «ምን ያደርግልሻል ብንላት፣ አንድ ቀን የሚጠይቀኝ አይጠፋም አለችን» አሉኝ።

ስልኳን ስጡኝ አልኩ። «እሷን ሳላስፈቅድማ አልሰጥም ጋሼ» አሉ። ደብዳቤ ቢልኩ ግን አደርሳለሁ አሉ። ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ወደድኳቸው።

ሁለቱ ካርቶኖች አሉ። አሉ።

ሰኞ 9

መድረኩ ከተከፈተ ወዲህ በስድስት ቀን ሠላሳ አንድ ጽሑፍ። ዐሥራ ዘጠኙ ከዚህ በፊት ጽፈው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። አንዱ ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ አራት ነጥብ የለውም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማካፈልን ስለማስተማር እንዲህ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም። አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ እንዴት ደረስክበት ብዬ። ገጽ ሙሉ መለሰልኝ። እሱም ነጥብ የለውም።

የአስተማሪዋን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ላይ ነጥቦቹን ቆጥሬያቸዋለሁ። ባለቤቴ አይታ «ቁጥር አታድርግበት» አለች። ሁለተኛው ላይ ስለ ራሴ አበዛሁ። «ይቅርታ ነው የምትጠይቀው ወይስ ታሪክህን ነው የምትጽፈው?» አለች። ሦስተኛውን ሳላሳያት ቀደድኩት።

ረቡዕ 11

ይህኛውን ላክሁ። ርእሰ መምህሩ ዛሬውኑ አደርሳለሁ ብለዋል። ግልባጩን እዚህ አኖራለሁ።

ለተከበሩ የሥራ ባልደረባዬ፣

ከሁለት ዓመት በፊት ጽሑፍዎን አራት ጊዜ የመለስኩብዎት አጣሪ እኔ ነኝ። በድዬዎታለሁ። ያልተሰደበ ሰው አይከፋውም ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያው ጽሑፍዎ ምንም አልጎደለውም። የጎደለው አንባቢ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በመድረኩ ስብሰባ ላይ እንደ ነበረ አነበብኩት። ሳላስፈቅድዎ ስላነበብኩት ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ስምዎን አልጠራሁም። ስልሳ ሰባት ሰው ሰማው። የተማሪዎን ቃል ሲሰሙ ሁሉም ወደዷት። አንድ ፕሮፌሰር እርስዎ ያዩትን ነገር ራሳቸው ችለው ደርሰውበት ጥናት ጽፈዋል። እርስዎ ግን ቀድመው አይተውታል። ይህ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ፤ ፕሮፌሰሩም ይፈልጋሉ። እኔ ያላስተማርኩት ሰው ሥራ እንዲህ ሲያኮራኝ የመጀመሪያዬ ነው።

የምጠይቅዎ ይህን ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍዎ በስምዎ በመድረኩ ላይ እንዲወጣ ይፈቅዳሉ? ፕሮፌሰሩ በጥናታቸው ላይ ስምዎን እንዲያነሡ ይፈቅዳሉ? በሁለቱ ካርቶን ያሉትን የልጆች ወረቀቶች አብረን ልናያቸው ፈቃድዎ ይሆናል? አልፈቅድም ካሉም መብትዎ ነው፤ እሱንም ከእርስዎ ብሰማ እመርጣለሁ።

ጥናቱ ለማተሚያ የሚገባው በዚህ ወር በ24 ነው። ከዚያ ካለፈ ያለ ስምዎ ይታተማል፤ ያንን ደግሞ እኔ መልሼ ላርመው አልችልም። ስልክ ቁጥሬ ከታች አለ። በማንኛውም ሰዓት ይደውሉ፤ ወይም በአንድ መስመር ይጻፉልኝ። ዐሥራ ሦስት ቀን ብቻ ነው የቀረን። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።